በስህተት ያነበብነው ወረቀት



ከዚህ በታች የምናወጋችሁ በቤታችን የደረሰ እውነተኛ ነገር ነው። ጉዳዩ የእናታችን በመሆኑ፣ ከዚያም በላይ የሴት ልጅ ገመና በመሆኑ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትተናል። በመጨረሻ ራሷን ጠየቅናት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ስሜን አትጥሩ እንጂ ጻፉት፤ እንደኔ ደብቃ የተቀመጠች አንዲት ሴት ሰምታው ብትድን አጅሩ ይደርሰኛል» አለችን። እኛም በፈቃዷ ብዕራችንን አነሳን። «እኛ» ስንል ሦስት ልጆቿ ነን፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ።

በረመዷን ቀን የተጠጣ ውሃ

ነገሩ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. የረመዷን ወር ነው። የምንኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን እናታችን ያኔ 58 ዓመቷ ነበር። በጾምና በሶላት የማትታማ፣ ተራዊሕ የማያመልጣት ሴት ናት። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ታናሽ እህታችን ድንገት ወደ ማድ ቤት ስትገባ እናታችን ጀርባዋን ሰጥታ ውሃ ስትጠጣ አገኘቻት። ሁለቱም ደነገጡ። እናታችን ኩባያውን አስቀመጠችና፣ «ስኳሬ አስቸግሮኝ ነው» አለች። የስኳር በሽታ እንዳለባት ስለምናውቅ አመንናት። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ ስንል መስገጃዋም ለቀናት እንደተጣጠፈ መክረሙን አየን። ስኳር ጾም ያስፈታ ይሆናል፤ ሶላትን ግን ለምን ያስተዋል?

ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ታላቅ እህታችን ለሱሑር ስትነሳ እናታችን በጓሮ በኩል በጨለማ ጨርቅ ስታጥብ ደረሰችባት። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቆመው ደም ተመልሶ ከመጣ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። መጀመሪያ ጠብታ ነበር፤ ከዚያ ለቀናት ይፈስና ይቆማል፤ ደግሞ ይመለሳል። እርሷ ሐይድ የተመለሰ መስሏት ደሙ በሚታይባቸው ቀናት ሶላቷንም ጾሟንም ትታ ኖራለች። «ለማን ይነገራል? ለእናንተ? ለአባታችሁ? በዚህ ዕድሜዬ አበባዬ መጣ ልበል?» ብላ አለቀሰች።

ወንድማችን የማንን ጉዳይ እንደሆነ ሳይገልጽ ወደ ሰፈራችን መስጂድ ኡስታዝ ሄዶ ጠየቀ። ኡስታዙም የፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽን ታሪክ አስታወሱት። ይህች ሶሐቢይት ደሟ አልቆም ባላት ጊዜ ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) በቀጥታ ጠይቃ፣ ያ ደም የሐይድ ሳይሆን የደም ሥር ደም መሆኑን፣ የሐይዷ ቀናት ሲያልፉም ታጥባ እንድትሰግድ ነግረዋታል። ኡስታዙ ቀጥለው፣ ካረጠች በኋላ ደም ስለምታይ ሴት ዑለማኦች በዝርዝሩ የሚለያዩበት ነገር ቢኖርም፣ ከበሽታ የሚመጣ ደም ሶላትን እንደማያስቀር፣ እየታጠበችና ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገች እንድትሰግድ ገለጹለት። በመጨረሻም፣ «ደሙ የበሽታ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ሐኪም ነው። ስለዚህ የዚህች ሴት ጥያቄ ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ለሐኪም ነው። ሁለቱንም ትጠይቅ» አሉት። በዚህ አነጋገራቸው በእጅጉ ረድተውናል፤ አላህ ይመንዳቸው።

ከሐረጎ ዳገት በላይ

ዒድ እንዳለፈ፣ በሐምሌ ወር፣ እናታችንን ይዘን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ደረስን። በአልትራሳውንድ ሲታይ የማሕፀኗ የውስጥ ሽፋን ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ የወር አበባዋ ከቆመ ደም በሚያያት ሴት ላይ ሽፋኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ስጋቱ አነስተኛ እንደሆነ፣ 14 ሲሆን ግን ምንነቱን ሳያውቁ መተው እንደማይቻል ነገሩን። «ከማሕፀኑ ሽፋን ትንሽ ናሙና ወስደን በማይክሮስኮፕ ማስመርመር አለብን» አሉ። ባዮፕሲ የሚሉት ይህንኑ ነው።

እናታችን «ኢንሻአላህ እናስብበታለን» ብላ ተነሳች። የዚህ አነጋገር ትርጉም ለእኛ ግልጽ ነበር፤ አልመለስም ማለቷ ነው። ቤታችን እንደደረስንም የጎረቤቱ ወሬ ይጠብቀን ነበር። አንዷ፣ «ማሕፀን ከተነካካ ነቀርሳው ይበተናል» አለች። ሌላዋ፣ «የእገሊት አክስት በዚሁ ማሕፀኗ ተበስቶ ቀረች» አለች። እውነቱን ለመናገር እኛም ፈርተን ነበር። እናታችንን «ሂጂ» እያልን በልባችን «ምን ይመጣ ይሆን?» እንል ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ያለ እርሷ ወደ ዶክተሩ ተመልሰን የሰማነውን ሁሉ ዘረዘርንላቸው። እርሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱልን። የነገሩንን በተቻለን መጠን እናስፍር።

በመጀመሪያ መሣሪያውን አሳዩን። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ፒፔል ይሉታል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። በማሕፀን በር ገብቶ ውስጡ ያለው ዘንግ ወደ ኋላ ሲሳብ ከሽፋኑ ጥቂት ወደ ቱቦው ይገባል። ቢላዋ የለም፤ ስፌት የለም፤ ሙሉ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። ዋናው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል።

«ምንም ችግር የለውም አልላችሁም» አሉ ዶክተሩ። «ችግር የለውም የሚል ሐኪም ችግር ሲመጣ አትጠይቁኝ ማለቱ ነው። ያለውን ልንገራችሁ» ብለው አንድ በአንድ ቆጠሩልን።

የመጀመሪያው ሕመም ነው። እንደ ብርቱ የወር አበባ ቁርጠት ያለ ነው፤ አንዳንዷን ሴት እጅግ ያማታል፤ አንዳንዷ ብዙም አይሰማትም። ለሆድና ለኩላሊቷ የሚስማማት ከሆነ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። ሁለተኛው ለጥቂት ቀናት የሚታይ ትንሽ ደም ነው። ሦስተኛው ራስ መሳት ነው፤ የማሕፀን በር ሲነካ የልብ ምት ቀዝቀዝ ይልና ላብ ያጠምቃል፤ ዓይን ይጨልማል፤ ጋደም ብላ እግሯን ከፍ ስታደርግ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይመለስላታል። አራተኛው የማሕፀን መመርቀዝ ሲሆን በጥቂቶች ላይ የሚደርስ ነው። አምስተኛው ጎረቤቶቻችን ያወሩት የማሕፀን መበሳት ነው። ይህ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከ1000 ሴቶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ ቢደርስ ነው፤ ሲደርስም ቀዳዳው ትንሽ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በክትትል ብቻ ይድናል።

«ነቀርሳው ይበተናል» ስለሚባለው ስንጠይቃቸው ፈገግ አሉ። ናሙና በመወሰዱ ምክንያት በሽታው ብሶ የሚስፋፋ ቢሆን ኖሮ ሐኪሞች ይህን መንገድ ባልተከተሉት ነበር አሉን። በሽታው የሚስፋፋው ሳይታወቅ ሲቆይ ነው።

ቀጥለውም ይህ ምርመራ የማይደረግላቸውን ወይም ጥንቃቄ የሚሹትን ነገሩን። እርጉዝ ለሆነች ሴት አይደረግም፤ ስለዚህ የወር አበባ የምታይ ሴት አስቀድማ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች። በማሕፀን ወይም በብልት ላይ መመርቀዝ ያለባት መጀመሪያ ትታከማለች። ደም አልረጋ የሚላት፣ ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት አስቀድማ መናገር አለባት፤ በራሷ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን አታቋርጥም።

ይህን ሁሉ ለእናታችን ወስደን ነገርናት። የሚገርመው ነገር፣ «ምንም አይልሽም» ስንላት ያልተቀበለችን እናታችን፣ «ሊያምሽ ይችላል፤ ልትደክሚም ትችያለሽ፤ ይህ ይህ ሊመጣ ይችላል» ስንላት ተረጋጋች። «እሺ፤ የማውቀውን ነገር አልፈራም» አለች።

የቀረው የሐያእ ጉዳይ ነበር። ሴት ሐኪም ካለች እርሷ እንድታያት ጠየቅን፤ በዚያን ሰሞን በቦታው አልነበረችም። ኡስታዛችንን ስናማክራቸው ችሎታ ያላት ሴት ሐኪም ስትገኝ እርሷ እንደምትቀደም፣ ሳትገኝ ግን ሕመም አስገዳጅ ምክንያት እንደሆነና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይገለጥ ብቻ መጠንቀቅ እንደሚገባ ነገሩን። ዶክተሩም ይህን በደስታ ተቀበሉ። አንዲት ሴት ነርስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአጠገቧ ሳትለይ እጇን ይዛ ቆየች፤ አንሶላው ከወገቧ በታች ያለውን ሸፈነው፤ ታላቅ እህታችንም ከራስጌዋ ቆመች።

የእኛ የመጀመሪያ ስህተት

በዚያን ዕለት ያደረስነው የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነው። «ለሕክምና ባዶ ሆድ ነው የሚኬደው» የሚል ነገር ሰምተን ስለነበር ለእናታችን ቁርስ አልሰጠናትም። ስኳር ያለባት ሴት፣ ተጨንቃ ያደረች፣ ዳገቱን በመኪና ስትናጥ የመጣች፣ አሁን ደግሞ ባዶ ሆዷን! ናሙናው ተወስዶ እንዳበቃ ፊቷ ነጣ፤ ላብ በላብ ሆነች፤ «ያ አላህ» እንዳለች ዝም አለች። ታላቅ እህታችን እንደምትለው በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ረዥም ደቂቃ አላየችም። ነርሷ ግን ይህን ሳትጠብቅ አልቀረችም፤ እግሯን ከፍ አደረገች፤ ግፊቷንና ስኳሯን ለካች፤ ጣፋጭ ሻይ አስመጣች። ከሩብ ሰዓት በኋላ እናታችን ተቀምጣ ሸማዋን ታስተካክል ነበር።

በኋላ ዶክተሩ እንዳስረዱን፣ ሙሉ ማደንዘዣ ለሚሰጥበት ሕክምና ሆድ ባዶ መሆን አለበት፤ ማደንዘዣ ለሌለው ለዚህ ግን ቀለል ያለ ቁርስ በልቶ መምጣት ይሻላል። እኛ ይህን ብንጠይቅ ኖሮ ከዚያ ድንጋጤ እንድን ነበር። የተነገረን አደጋ ደረሰ፤ ስለ ተነገረን ግን ሸሽተን አልወጣንም።

ወደ ቤት ስንመለስ ነርሷ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከግንኙነትና ወደ ውስጥ ከሚገባ ነገር ሁሉ እንድትታቀብ መከረቻት። ቀጥላም ወዲያውኑ ወደ ሐኪም የሚያስመልሱትን ምልክቶች በወረቀት ጻፈችልን፦ ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ራስ መሳት። ታናሽ እህታችን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ጧትና ማታ ትኩሳቷን ትለካላት ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ደሙ ቆመ፤ ትኩሳትም አልመጣ። «ይኸው ነው የፈራሁት?» አለች እናታችን።

ሁለተኛው ስህተት

የፈራነው ሁሉ አልፎ እፎይ ባልንበት ጊዜ ያልፈራነው ነገር መጣ። ውጤቱ በነሐሴ፣ ለዓረፋ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ደረሰ። ወንድማችን ደሴ ሄዶ ወረቀቱን ከላቦራቶሪው መስኮት ተቀበለ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ነበሩበት። የመጀመሪያው በቀረበው ናሙና ውስጥ የነቀርሳ ሕዋስ አለመታየቱን ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ የቀረበው ናሙና እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለምርመራ በቂ አለመሆኑን ይናገራል።

ወንድማችን የመጀመሪያውን አነበበና እዚያው መንገድ ላይ ስልክ ደወለ። «እማዬ፣ ነጻ ነሽ! የለም ይላል!» አለ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። የዓረፋው እርድ እንዳለ ሆኖ ለሹክር ሌላ በግ ታረደ፤ ለሚስኪኖች ተከፋፈለ፤ ዱበርቲዎች ተጠርተው ዱዓ ተደረገ። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሁላችንም አይተነዋል። አነበብነው፤ ግን ሳንረዳው አለፍነው። ወረቀቱንም ወደ ዶክተሩ አልመለስነውም። የምሥራች ይዞ ወደ ሐኪም የሚሄድ ማን አለ?

ደሙም ለጥቂት ወራት ቆመ። ይህ ደግሞ እምነታችንን አጸናው።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደሙ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ እናታችን ሰባት ወር አልደበቀችም፤ በዚያው ቀን ነገረችን። ደሴ ወጥተን ያንን ወረቀት ከነበግ ታሪኩ ለዶክተሩ ሰጠናቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉ። «ይህ እኮ መልስ አይደለም» አሉን። «ጥያቄው ገና አልተመለሰም ማለት ነው። በቂ አይደለም ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም።»

ከዚያም አስረዱን። ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ የማሕፀን በር ሊጠብብ ስለሚችል ቱቦው እንደ ልብ አይገባም፤ የሚወጣው ናሙናም ብዙ ጊዜ ያንሳል። ቱቦው የሚነካው ደግሞ ሁሉንም የማሕፀን ክፍል አይደለም። በሽታው በአንድ ጥግ ያለ እንደሆነ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። በአልትራሳውንድ ሽፋኑ ቀጭን በሆነባት ሴት ላይ ናሙና አነሰ ቢባል፣ ያነሰው የሚወሰድ ነገር ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ሽፋኗ 14 ሚሊ ሜትር በሆነ ሴት ላይ አነሰ ሲባል ግን እንደገና መፈለግ ግድ ነው። ናሙናው በቂ ሆኖ መልሱ ንጹሕ ቢመጣ እንኳ ደሙ ካልቆመ ወይም ከተመለሰ ምርመራው ይቀጥላል።

ወንድማችን በዚያች ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ነበር። እናታችን እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ «አንተ ደስ ሊለኝ ፈልገህ ነው፤ እኔም መስማት የፈለግሁት እርሱን ነበር» አለችው። ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «መጀመሪያ የፈራሁት ቱቦውን ነበር፤ መፍራት የነበረብን ወረቀቱን ነው።»

አዲስ አበባ

በጥር ወር ወደ አዲስ አበባ ተላከች። እዚያ በማደንዘዣ ተኝታ በቀጭን ካሜራ የማሕፀኗ ውስጥ ታየ፤ በዓይን እየታየም ናሙናው ተወሰደ። ይህኛው ከፊተኛው ከፍ ያለ ሥራ ነው፤ ማደንዘዣ አለው፤ የመበሳትና የመድማት ዕድሉም ከመጀመሪያው ቱቦ ይልቅ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም በሰለጠነ እጅ ከባድ ችግር የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ባዶ ሆዷን መሆን እንዳለባት ጠይቀን አረጋግጠናል፤ የስኳር መድኃኒቷን በዚያን ጧት እንዴት እንደምታደርግም አስቀድመን ጠይቀናል። በሰላም ገብታ በሰላም ወጣች።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስታችንም ሆነን ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባን። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንዲያስረዱን ለመንናቸው። ሽፋኑ መጠኑን አልፎ የወፈረ ብቻ ሳይሆን ሕዋሳቱ ጠባያቸውን መለወጥ የጀመሩ ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ካልታከመ ወደ ነቀርሳ ያመራል፤ ቀላል በማይባሉ ሴቶች ላይም ማሕፀናቸው ወጥቶ ሲመረመር ነቀርሳው አስቀድሞ ገብቶ ይገኛል። ልጅ የመውለድ ሐሳብ ላላት ወጣት በሆርሞን መድኃኒት የማቆየት መንገድ አለ፤ ለእናታችን ግን ማሕፀኗ እንዲወጣ ተወሰነ።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። የወጣው ማሕፀን ሲመረመር ነቀርሳው በእርግጥም ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ገና በውስጠኛው ሽፋን ላይ ነበር፤ ወደ ማሕፀኑ ሥጋ ጠልቆ አልገባም። ከቀዶ ሕክምናው ሌላ ጨረርም ሆነ ኬሞቴራፒ አላስፈለጋትም፤ ክትትል ብቻ ታዘዘላት። የአምስት ዓመት ክትትሏን በ2016 ዓ.ም. ጨርሳለች። ዛሬ ሱብሒ ላይ የምትቀሰቅሰን እርሷ ናት። ወልሐምዱሊላህ!

ሆኖም አንድ ነገር ሳናስበው የምንውልበት ቀን የለም። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ፣ አራት ወር ሙሉ፣ በሽታው በውስጧ እያለ እኛ ሹክር ስናደርግ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ደሙን መልሶ ባያስታውሰን ኖሮ እስከ መቼ እንደምንቀመጥ አናውቅም። ያ ደም ጠላት መስሎን ነበር፤ መልእክተኛ ኖሯል።

ለእህቶቻችንና ለወንድሞቻችን

ይህን ስናወጋችሁ ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም። የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ደም ከሚያዩ 100 ሴቶች መካከል ነቀርሳ የሚገኝባቸው 9 ያህል ናቸው፤ የቀሩት አብዛኞቹ የሽፋኑ መሳሳት፣ ሥጋ መሰል ዕድገት ወይም ሌላ በቀላሉ የሚታከም ነገር ነው ያለባቸው። በሌላ በኩል ግን ይህ ነቀርሳ ከተገኘባቸው ሴቶች ከ100 ወደ 90 የሚሆኑት አስቀድመው ደም አይተዋል። እንግዲህ ደሙ ይናገራል፤ ጉዳዩ የሚሰማው መኖሩ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው፣ ወልደው የማያውቁ፣ ለጡት ነቀርሳ ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶች ደግሞ ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባቸዋል።

እናቶቻችን ሆይ! ካረጣችሁ ወዲያ አንዲት ጠብታ እንኳ ብታዩ ለልጃችሁ፣ ለእህታችሁ፣ ለባለቤታችሁ ተናገሩ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ቢሆንም የአንሷር ሴቶች ሐያእ ከመጠየቅ ስላላገዳቸው በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መመስገናቸውን አንርሳ።

ወንዶች ሆይ! እናታችሁ በረመዷን ቀን ውሃ ስትጠጣ ብታዩ ከመገረማችሁ በፊት ጠይቁ። የእኛ ቤት ወንድ ልጅ ኡስታዝ ዘንድ ሄዶ ባይጠይቅ ኖሮ የቀረው ሁሉ አይከተልም ነበር።

ናሙና እንዲወሰድ ለታዘዘላት ደግሞ ከእኛ ስህተት የተገኙ አራት ጥያቄዎችን እናውርሳት። ከመግባቷ በፊት «ልብላ ወይስ ልጹም? መድኃኒቴንስ?» ብላ ትጠይቅ። «ምን ሊደርስብኝ ይችላል? ምን ሳይ ልመለስ?» ትበል። ውጤቱ ሲመጣ «ናሙናው በቂ ነበርን?» ብላ ትጠይቅ። በመጨረሻም «ደሙ ቢመለስ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?» ትበል። ወረቀቱንም ከላቦራቶሪው መስኮት ተቀብላ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ትውሰደው።

ያንን የደሴ ወረቀት አልጣልነውም። ከቤተሰባችን ሰነዶች ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጠነዋል። ወንድማችን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይለግስ፤ ለሚያክሙንም ጥበቡን ይጨምርላቸው። አሚን!